ደሙ የት ሄደ?

«ደም አንሶሃል» ተብሎ የአይረን ክኒን ብቻ ተሰጥቶት የመጣ ጎልማሳ ሲያጋጥመኝ፣ መጀመሪያ የማጣራው ደሙ የት እንደሄደ የጠየቀው ሰው መኖሩን ነው። ድካሙ እውነት ነው። ሄሞግሎቢኑም በወንድ ከ13፣ ባላረገዘች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች መውረዱን ላቦራቶሪው ነግሮናል። ምክንያቱ ግን ገና አልታወቀም።

ቀጥዬ የማየው የቀይ ደም ሴሎቹን መጠን ነው። ከ80 ፌምቶሊትር በታች ከሆነ ሐሳቤ ወደ አይረን እጥረት ያዘነብላል፤ ከ100 ከበለጠ ቫይታሚን ቢ12ን፣ ፎሌትን፣ ጉበትንና አልኮልን አስባለሁ። ፌሪቲን ዝቅ ካለ የአይረን ክምችቱ አልቋል። ደህና ሲመስል ግን አልዘናጋም፤ ቲቢ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ቁጥሩን ከፍ አድርጎ እጥረቱን ይሸፍናል።

ጤነኛ አንጀት ከምግብ የሚወስደው አይረን በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። አንድ ሚሊሊትር ደም ደግሞ ግማሽ ሚሊግራም ያህል ይዟል። ከጨጓራ ቁስል ወይም ከአንጀት ዕጢ በቀን ሁለት የሻይ ማንኪያ ደም ቢፈስ 5 ሚሊግራም ሄደ ማለት ነው፤ እንጀራም ሥጋም አይተካውም። ይህ መጠን ሰገራን ላያጠቁር ይችላል። ሰውነትም እየለመደው ስለሚሄድ፣ ሰውየው ዳገት ሲወጣ ልቡ እስኪደልቅ ድረስ አይነቃም።

ስለዚህ ብዙውን ጊዜዬን የምሰጠው ለጥያቄ ነው። የወር አበባ ስንት ቀን ይቆያል? በቀን ስንት ሞዴስ ይቀየራል? ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ይወሰዳል? (ጨጓራን ሊያደማ ይችላል፤ ማስታገሻን ከመድኃኒት የማይቆጥር ሰው ግን ብዙ ነው፤ በስሙ ጠርቼ እጠይቃለሁ።) በባዶ እግሩ እርሻ የሚውል ከሆነ፣ በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ላይ ደም የሚመጠውን ሁክዎርም እፈልጋለሁ። የሰገራ ቀለም የሚጠየቀው ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አይረን ራሱ ስለሚያጠቁር፣ በኋላ ጥቁሩ ከደም ይሁን ከክኒኑ መለየት ያስቸግራል። «ደም ይተካል» ተብሎ የሚጠጣው ቀይ ሥርም ሰገራን ደም ያስመስለዋል።

አይረኑን እኔም አዛለሁ። የሚያስፈራኝ ክኒኑ በደንብ ሲሠራ ነው። ሄሞግሎቢኑ ይወጣል፣ ድካሙ ይለቃል፣ ታካሚው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የአንጀት ካንሰር ካለ ግን እዚያው ያድጋል። በወንድና የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ የአይረን እጥረት ሳገኝ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ የማዘው ለዚህ ነው። «አባባ፣ ቢሻልዎትም ቀጠሮውን እንዳይተዉት» እላለሁ፤ ልጃቸው አብሮ ከመጣ ለእሱም እደግመዋለሁ። ምርመራው በየቦታው ስለማይገኝ ሪፈሩን የምጽፈው ክኒኑን ባዘዝኩበት ቀን ነው።