በሞዴል የመቁረጥ ጥበብ

ከአናጺነት ብልሃቶች ሁሉ አብልጬ የማደንቀው በራውተርና በሞዴል መቁረጥን ነው። የወንበር መደገፊያ ጉብጠት አንድ ጊዜ በኤምዲኤፍ ሰሌዳ ላይ በትዕግሥት ተሠርቶ ሞዴል ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ስድስት የዋንዛ ወንበሮች እንደ መንትያ ተመሳስለው ይወጣሉ።

አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። እንጨቱ በመጋዝ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተርፎ ይቆረጥና ሞዴሉ ከላዩ ይታሰራል። ከራውተሩ ስለት ጋር የተገጠመችው ኩሽኔታ ከስለቱ ጋር እኩል ስፋት ስላላት፣ የሞዴሉን ጠርዝ ይዛ ስትንከባለል ስለቱ ከሥር ያለውን እንጨት በዚያው ልክ ይላጨዋል። ራውተሩ በእጅ ሲያዝ በውጭው ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ በተቃራኒው ከተሄደ ማሽኑ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል።

በኩሽኔታ ፈንታ የሞዴሉን ጠርዝ የሚከተል ቀለበት ከራውተሩ ሥር ሲታሰር ሂሳብ ይጨመራል። የቀለበቱ ስፋት 16፣ የስለቱ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቁርጡ ከሞዴሉ ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ይርቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሞተሩ ሳይነሳ ያለው ነው። በሞዴሉ ላይ የቀረች ጉድፍ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ትደገማለች። ስለዚህ ጎበዝ አናጺ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሳል፤ ዓይን የሳተውን ጉብታ ጣት ያገኘዋል። ያንን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክላል።

ሙያውን የምትጀምሩ ወጣቶች፣ ለማሽኑ ከመቸኮላችሁ በፊት ለሞዴሉ ጊዜ ስጡት። ጥሩ ሞዴል ያለው አናጺ ሥራው ግማሽ አልቆለታል።