የቴሌግራም ጥያቄ ለነርሲንግ ተማሪ

ቴሌግራም ለማስተማሪያ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ የነርሲንግ ተማሪ ግን ቤተ መጻሕፍትም መለማመጃም ሆኖለታል። አንድ ጊዜ የወረደ ሞጁል ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል። ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው አሶሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይበልጥ የሚደነቀው በ2012 ዓ.ም. የተጨመረው የምርጫ ጥያቄ ነው። ወባ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ የዘወትር ጉዳይ ነውና ምሳሌው ከዚያው ይምጣ፦ 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በከባድ ወባ ታሞ ቢመጣ በአንድ ጊዜ የሚወጋው አርቴሱኔት ስንት ሚሊግራም ነው? ከምርጫዎቹ መካከል 36 እና 45 አሉ። 36ን የነካ ተማሪ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ታካሚ በሚሠራው 2.4 አባዝቷል፤ ከዚያ በታች ላለ ሕፃን ግን ስሌቱ በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው። ስህተቱ ወዲያው በቀይ ይታያል፤ መልስ መቀየር የለም፤ ማብራሪያውም አብሮ ይወጣል። መላሹ በስም ስለማይታወቅ ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣውም ይሞክራል። መምህሩም ስንት በመቶው እንደሳተ አይቶ የነገውን ትምህርት ከዚያ ይጀምራል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሆነ ልምምዱ ለዚያም ይጠቅማል። መልስ ብቻ የሚያሸመድዱ ቻናሎችም አሉ፤ እነሱን ማድነቅ ይከብዳል። ደም ሥር ማግኘትና ቁስል ማጠብ ደግሞ በስልክ አይለመድም፤ ለዚያ የክህሎት መለማመጃ ክፍልና የሆስፒታል ተረኝነት ያስፈልጋል።