የዘፈን መራጩ ትዝታ

የራዲዮ ሰው ትዝታ ሲባል አንባቢ የሚያስበው ድምፁ በየቤቱ የታወቀውን ተናጋሪ ነው። ሪክ ስክላር የጻፈው «ሮኪንግ አሜሪካ» ግን ከማይክሮፎኑ በስተ ኋላ ተቀምጦ፣ የትኛው ዘፈን በየትኛው ሰዓት እንዲሰማ ይወስን የነበረ ሰው ታሪክ ነው። ደራሲው ከ1963 ጀምሮ (ዘመኖቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የኒው ዮርኩ የደብልዩ ኤ ቢ ሲ ራዲዮ የዝግጅት ኃላፊ ሆኖ ከዐሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ መጽሐፉን ያሳተመው በ1984 ነው። ጣቢያው በ50,000 ዋት ኀይል ያሠራጭ ስለ ነበረ በሌሊት ድምፁ ብዙ ግዛቶችን ያዳርስ ነበር፤ ሆኖም የኒው ዮርክ ወጣት እንደ ሰፈሩ ልጅ ይቈጥረው ነበር።

መጽሐፉን ለመረዳት አስቀድሞ የነበረውን ነውር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ ዓመታት የሸክላ ነጋዴዎች ዘፈናቸው ደጋግሞ እንዲሰማላቸው ለተናጋሪዎች በስውር ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ስክላር ቀድሞ በሌላ ጣቢያ አብሮት የሠራው ዝነኛው አለን ፍሪድ፣ በ1959 ጉቦ አልተቀበልሁም ብሎ እንዲፈርም ቢጠየቅ እንቢ ስላለ ከደብልዩ ኤ ቢ ሲ ወጣ፤ በ1962ም ጥፋቱን አምኖ 300 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ከዚህ በኋላ ምርጫው ከተናጋሪው እጅ ወጥቶ በአንድ ኃላፊ እጅ መግባቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስክላር በበኩሉ ምርጫውን ለቍጥር ሰጠው። በየሳምንቱ የሸክላ መደብሮች የሸጡትን እያስጠየቀ፣ ጥቂት ዘፈኖችን ብቻ መርጦ፣ አንደኛ የወጣውን በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ያሰማ ነበር። አሠራሩን ሳይሸፋፍን ስላስረዳን እናመሰግነዋለን። አስተሳሰቡን ግን አንቀበለውም። ወጣቱ ከመደብር የሚገዛው በራዲዮ የሰማውን አይደለምን? እንግዲያስ ኃላፊው የሕዝብ ድምፅ ነው ብሎ የቈጠረው ከፊሉ የራሱ ጣቢያ የገደል ማሚቶ ነበረ። ሸክላው መደብር ያልገባለት ዘፋኝ፣ ሸክላ መግዣ ያጣ አድማጭ፣ በዚህ ሚዛን ላይ አልወጡም።

የመጽሐፉ ጣዕም ያለው ሌላ ዘንድ ነው። በ1963 የሞና ሊዛ ሥዕል ከፓሪስ መጥቶ ለኒው ዮርክ ሕዝብ በታየ ጊዜ፣ ጣቢያው አድማጮቹ ሞና ሊዛን እየሣሉ እንዲወዳደሩ ጠራ፤ ሥዕሎቹ በብዛት ስለ ጐረፉ ፍርዱ በኳስ ሜዳ ሆነ፤ ዳኛውም ሳልቫዶር ዳሊ ነበረ። ሌላ ጊዜም ተማሪዎች የዓመቱን ርእሰ መምህር እንዲመርጡ ቢጋበዙ የድምፅ ወረቀቱ በሚሊዮን ተቈጠረ። (ርእሰ መምህራን ይህን ያህል የተወደዱበትን ከተማ እኛ ሌላ አናውቅም!) እርግጥ ዓላማው አድማጭ አብዝቶ ማስታወቂያ መሸጥ ነው። ቢሆንም ከተማውን፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ፣ የወጣቱን ቀልድ ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊያስብ አይችልም። የስክላር ስም የታወቀው በስሌቱ ነው፤ ለእኛ ግን ትልቅነቱ በዚህ በኩል ይመስለናል።

የጣቢያው የድል ዘመን ብዙ አልቈየም። በ1978 ዲስኮ የሚባለውን የዳንስ ሙዚቃ የሚያሰማ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ በአድማጭ ብዛት ቀደመው፤ ሜይ 10 ቀን 1982 ደብልዩ ኤ ቢ ሲ ሙዚቃውን አቁሞ የንግግር ጣቢያ ሆነ። በ1996 በወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ሊይዝ የሚችለው የጣቢያ ቍጥር ገደብ ተነሣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከ1,200 በላይ ጣቢያ የያዘ ኩባንያ ታየ። በብዙ ከተሞች ከሩቅ የሚላክ የዘፈን ዝርዝር የአገሬውን መራጭ ሥራ ፈት አደረገው። ስክላር በ1992 ስለ ሞተ ይህን አላየም። ነገር ግን ዝርዝሩን አሳጥረው ለቍጥር ካስገዙት ግንባር ቀደሞች አንዱ እርሱ ነውና፣ ለዚህ አሠራር መንገድ መጥረጉን የገዛ መጽሐፉ ሳይጠረጥር ይመሰክርበታል።