ግማሽ ጥቅስ ያነበበው ሊቅ፦ የማርሎ «ዶክተር ፋውስተስ» እና የንስሓ ጥያቄ

«ዶክተር ፋውስተስ» በስብከት ምሳሌነት ሲጠቀስ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ውሉ ነው፤ ሰውየው በደሙ ፈረመ፣ ሃያ አራት ዓመት እንዳሻው ኖረ፣ በመጨረሻም አጋንንት ወሰዱት። ተውኔቱን ራሱን ላነበበ ግን ትልቁ ጭንቅ ያለው ከፊርማው በኋላ ነው፦ ይህ ሰው ንስሓ መግባት ይችላል ወይስ አይችልም?

ደራሲው ክሪስቶፈር ማርሎ በካምብሪጅ የተማረው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ለታሰቡ ወጣቶች በተመደበ ድጎማ ነበር። ክህነት ግን አልተቀበለም፤ እ.ኤ.አ. በ1593 በ29 ዓመቱ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። የተማረው ትምህርት በመጀመሪያው ትዕይንት ይታያል። የሉተር ከተማ በሆነችው በዊተንበርግ የሚኖረው የሥነ መለኮት ዶክተር መጽሐፍ ቅዱስን ገልጦ ሮሜ 6፥23ን ያነብባል፤ ስለ ኃጢአት ደመወዝ የሚናገረውን ካነበበ በኋላ ስለ እግዚአብሔር ስጦታ ወደሚናገረው አያልፍም። ከ1ኛ ዮሐንስ 1፥8ም ወደ ቁጥር 9 አይሻገርም። በሁለት የተቆረጡ ጥቅሶች ሰው ሁሉ ለዘላለም ሞት የተፈረደበት ነው ብሎ ደምድሞ መጽሐፉን ያስቀምጣል። የዮሐንስ ቃል በዘመኑ የጸሎት መጽሐፍ የጠዋት ጸሎት ከሚከፈትባቸው ጥቅሶች አንዱ ነበር፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መገኘትም የሕግ ግዴታ ነበር። ስለዚህ ብዙ ተመልካች የጎደለውን በልቡ ሳይሞላው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

ይህ ተመልካች የሚሰበሰበው ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ከለንደን ከተማ ሹማምንት ሥልጣን ውጭ በቆመው በሮዝ ቲያትር ቤት ነው። ባለቤቱ ፊሊፕ ሄንስሎው ተውኔቱ በ1594 ያስገኘውን ገቢ በሒሳብ መዝገቡ አስፍሯል። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1559 ባወጣችው አዋጅ የሃይማኖትና የመንግሥት ጉዳይ መድረክ ላይ እንዳይቀርብ ከልክላ ነበር፤ የጀርመን አፈ ታሪክ ለብሶ የመጣው ጥያቄ ግን አለፈ። ፒዩሪታኑ ዊልያም ፕሪን በ1633 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ተውኔት ሲታይ እውነተኛ ዲያብሎስ መድረክ ላይ ታየ የሚል ወሬ ይተርካል። ወሬውን ማመን አያስፈልገንም፤ ፍርሃቱ ግን የእውነት ነበር።

ተውኔቱ የደረሰን በሁለት ቅጂ ነው። በ1604ቱ መልካሙ መልአክ ጊዜው እንዳልረፈደ ሲናገር የሚያስቀምጠው ሁኔታ «መቻል» ነው፤ በ1616ቱ «መፍቀድ» ሆኗል። ልዩነቱ የአንድ ግስ ብቻ ቢሆንም ለእኛ ቀላል አይደለም። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 39 አንቀጾች 17ኛው፣ ሥጋዊ ሰዎች የምርጫን ፍርድ ዘወትር በዓይናቸው ፊት ቢያኖሩ ዲያብሎስ ወደ ተስፋ መቁረጥ ሊጥላቸው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ፋውስተስ የዚህ ማስጠንቀቂያ ሥዕል ይመስላል። ክርስቶስን አዳኜ ብሎ ሲጣራ ከፊቱ የሚቆመው ሉሲፈር ነው።

የ1616ቱ ቅጂ ግሱን ቢያለዝብም በሌላ ቦታ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ፋውስተስ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነብ ገጹን የገለጥሁለት፣ ዓይኑንም የመራሁ እኔ ነኝ ብሎ ሜፊስቶፌሊስ ይመካል። ይህ ለእኔ ድክመት ነው፤ ያን ግማሽ ጥቅስ ሊቁ ራሱ ሲቆርጠው ይበልጥ ያስፈራል። በሌላ በኩል የ1606 ሕግ የእግዚአብሔርን ስም በተውኔት በከንቱ መጥራትን ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በታተመው ቅጂ የፋውስተስ የመጨረሻ ጩኸት ወደ አምላኩ መሆኑ ቀርቶ ወደ «ሰማይ» ሆኗል። ስሙን ለማስከበር የወጣው ሕግ ስሙን ከሚሞት ሰው አፍ ወሰደው። በሁለቱም ምክንያት የ1604ቱን እመርጣለሁ።

እረኞች ቆም ብለው ሊያነቡት የሚገባው ግን የመጨረሻውን ሌሊት ይመስለኛል። ተማሪዎቹ፣ የእግዚአብሔር አገልጋዮች እንዲጸልዩልህ ለምን ቀድመህ አልነገርኸንም ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሊናገር እንዳሰበ፣ ዲያብሎስ ግን እንዳስፈራራው ይመልስላቸዋል። ከዚያ ሊጸልዩለት ወደ ሌላው ክፍል ይሄዳሉ፤ ምንም ዓይነት ድምፅ ቢሰሙ ወደ እርሱ እንዳይመጡ ይለምናቸዋል።