«ሸሞንሟናዬ» እና ሁለት ዓይነት ጆሮ

ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ላይ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በሙግ፣ በሮድስና በድራም ማሽን የቀዳውን «ሸሞንሟናዬ» ዴንቨርና አውሮራ ባሉ ወገኖቻችን ቤት ሳስደምጥ ተቃራኒ ፍርድ ገጠመኝ። ዋልያስ ባንድን በአዲስ አበባ ሒልተን የሚያስታውሱት እኩዮቼ ምቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ ለውጥ መሄዱን ይነቅፋሉ፤ «ከበሮ መቺው የት ሄደ?» ያሉኝም አሉ። ካሴቱ በ2013 በአውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ ዳግም ከታተመ በኋላ ያገኙት፣ እዚሁ የተወለዱት ልጆች ግን ዝግታውን እንደ ዕረፍት ይቀበሉታል። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች አኮርዲዮኑን ዘንግተዋል እላለሁ። ኃይሉ የቀድሞውን ዜማ በእርሱ ሲያዘገየው ማሽኑ አይጠብቀውም፤ የባንድ ጓደኞቹ ቢሆኑ በጠበቁት ነበር። ስደቱን ያሰማኝ ያ አለመጠበቅ ነው። እኩዮቼ ጉድለቱን በትክክል ሰምተዋል፤ ጉድለቱን የሥራው ድክመት ማለታቸው ላይ ግን አልስማማም።