ጫት፣ መጠጥና የብሔረሰብ ዓምድ፦ በዳሰሳ ጥናቶቻችን ላይ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ስለ ጫትና ስለ አልኮል መጠጥ የሚታተሙ የዳሰሳ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ሰንጠረዥ ይዘው ይቀርባሉ፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ፣ ከተማና ገጠር። በውይይቱ ክፍል ልማዱ በእገሌ ብሔረሰብ ዘንድ ከፍ ብሎ መገኘቱ ይገለጽና ምክንያቱ ሳይመረመር ይታለፋል። አንባቢውም ብሔረሰቡን ራሱን እንደ ምክንያት ይወስደዋል።

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ቀደም ብሎ ቀርቦልን ነበር። አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ጉናር ኩልግሬን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት የቡታጅራ ጥናት 10,468 ጎልማሶችን ያካተተ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ጫት ይቅሙ ነበር። የጥናቱ ብርታት ግን የቃሚውን ብዛት በመቁጠሩ ብቻ አይደለም፤ ለምን እንደሚቅሙም ጠይቋል። ከቃሚዎቹ 80 በመቶ የሚሆኑት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ተናግረዋል። ከየዕለት ቃሚነት ጋር በብርቱ የተያያዙትም እስልምና፣ ሲጋራ ማጨስና ከፍ ያለ ትምህርት ነበሩ። እንዲህ ያለው ውጤት ለሐኪሙ ከታካሚው ጋር የሚነጋገርበትን መግቢያ ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ 12 በመቶ የሚሆኑ ሴቶችና 27 በመቶ የሚሆኑ ወንዶች በሕይወት ዘመናቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ሆኖም ዳሰሳው የታቀደው ለክልል ደረጃ ግምት ነው። በኦሮሚያ ረድፍ ውስጥ ጫት የሚያመርተው የሐረርጌ ገበሬ፣ ገብስ የሚዘራው የአርሲ ደገኛና የወለጋው ፕሮቴስታንት ቡና አምራች አንድ ላይ ተደምረዋል። ሦስቱም በብሔረሰብ ዓምድ "ኦሮሞ" ቢባሉም ከጫት ጋር ያላቸው ኑሮ ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ዴራን እንመልከት። የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ዴራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደረቁ ቆላ የምትገኝ ናት። አሰላ ግን ከጭላሎ ግርጌ፣ በገብስና በስንዴ አገር ላይ ተቀምጣለች። ጫት ትኩስነቱን ካጣ ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ፣ ነጋዴው በኮባ ጠቅልሎ በፍጥነት ማድረስ አለበት። ስለዚህ መኪና በሚያልፍበት ከተማና ከመንገድ ርቆ በሚገኝ ቀበሌ መካከል የሚታየው ልዩነት የነዋሪው ብሔረሰብ አንድ ቢሆንም እንኳ ሊፈጠር ይችላል። የመኪና መንገድ ርቀት፣ የእስር ዋጋና የገበያ ቀን ግን በመጠይቆቻችን ላይ እምብዛም አይታዩም። (ብሔረሰብን ጠይቆ መሙላት ከሁሉ ይቀላል፤ ምናልባት ዓምዱ የማይቀረውም ለዚህ ይሆናል።)

በመጠጥ በኩልም ተመሳሳይ ጉድለት አለ። በደጋው ቤት የሚጠመቀውን ጠላ ከመጠጥ የማይቆጥር ብዙ ነው። "አልኮል ይጠጣሉ?" ተብሎ ሲጠየቅ "አልጠጣም" ቢል አልዋሸም። ጠላና አረቄ በየስማቸው ካልተጠየቁ፣ በብሔረሰቦች መካከል የተገኘው ልዩነት የቃላት አረዳድ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ይህ የስታቲስቲክስ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንድ ብሔረሰብ "ቃሚ" ሌላው "የማይቅም" ተብሎ ከተመደበ፣ ሐኪሙ የመጀመሪያውን ገና ሳይጠይቅ ይፈርድበታል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ጭራሽ አይጠይቀውም። የደም ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ያለው ታካሚ "የማይቅም" ከተባለው ወገን ቢሆን፣ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ እያወቅን መጠኑን ወደ መጨመር እናመራለን። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የየመን ጥናት እንዳሳየው፣ ጫት መቃም አምፒሲሊን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ከመቃም ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ሲወሰድ ግን ይህ አልታየም። ታካሚው ክኒኑን መቼ መውሰድ እንዳለበት ለመንገር የሚያስፈልገን ጥያቄ የትኛው ብሔረሰብ እንደሆነ ሳይሆን በስንት ሰዓት እንደሚቅም ነው። ይህ ጥያቄ በዴራም ሆነ በአሰላ ለማንኛውም ታካሚ ሊቀርብ ይችላል፤ በሚቀጥለው መጠይቅ ላይም አንድ መስመር ቢጨመርለት በቂ ነው።