ዘጠና ቀን መጽናት

«ፒ 90 ኤክስ» አሜሪካዊው አሠልጣኝ ቶኒ ሆርተን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በ12 ዲቪዲዎች ያቀረበው የቤት ውስጥ ስፖርት መርሐ ግብር ነው። የተዋወቀው «ጡንቻን ማደናገር» በሚል ሐረግ ነበር፤ እንቅስቃሴው ስለሚቀያየር ሰውነት አይለምደውም፣ ለውጡም አይቆምም ለማለት ነው። ሐረጉ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ገመናው ይገለጣል። ጡንቻ አእምሮ የለውምና አይደናገርም፤ የሚጠነክረው ጫናው ቀስ በቀስ ሲጨመርበት፣ በቂ ምግብና ዕረፍትም ሲያገኝ ነው።

የሥራው እውነተኛ ብልሃት ያለው በቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው። 13ቱ ሳምንታት በሦስት ምዕራፍ ተከፍለዋል፤ በየምዕራፉ መጨረሻ የማገገሚያ ሳምንት አለ። «ዛሬ ምን ልሥራ?» ብሎ ከራስ ጋር መሟገት የለም፤ የዕለቱ ሥራ አስቀድሞ ተጽፏል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ወይም የረመዳንን ወር የጾመ አንባቢ ይህን ያውቀዋል፤ «ልጹም ወይስ ልተው?» የሚለው ጥያቄ በየማለዳው ስለማይነሣ መጽናት ይቀላል።

ነቀፌታዬ በማስታወቂያው ፎቶግራፎች ላይ ነው። «በፊት» እና «በኋላ» ተብለው የሚታዩን የጨረሱት ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱን ያመመው፣ ሁለት ሥራ ደርቦ በቀን አንድ ሰዓት ያጣው ሰው ፎቶግራፍ የለውም፤ ስንፍናዬ ነው ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ዲቪዲዎቹ ራሳቸው ግን ለከበደው ሰው ቀለል ያለውን አማራጭ ያሳያሉ። መርሐ ግብሩን ለመጀመር ያሰበ አንባቢ ከፎቶግራፎቹ ይልቅ ይህን አማራጭ ቢከተል ይበጀዋል።